የስፔን ፊልም ስለ ራሱ የሚያወራው በተውሶ ዘውግ ነው፦ ካውቦይ፣ አስፈሪ፣ መርማሪ

ፀሐይ_ግባት (ክሩን የከፈተው)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። የስፔን ፊልም ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚጠራው ፔድሮ አልሞዶቫርን ነው፤ ወጣቶቹ ደግሞ “ላ ካሳ ዴ ፓፔል”ን። ሁለቱም ይገባቸዋል፤ ዛሬ ግን ሌላ ነገር ላንሳ። ስፔኖች ከውጭ ስለወሰዷቸው የፊልም ዓይነቶች ነው፦ ስለ ካውቦዩ፣ ስለ አስፈሪው፣ ስለ መርማሪ ፖሊሱ። እነዚህን “የሆሊዉድ ቅጂ” እያለ የሚያልፋቸው ሰው ብዙ ነው፤ እዚሁም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በእኔ እምነት ነገሩ ተቃራኒው ነው። ስፔን በራሷ ስም መናገር ያልቻለችውን የተናገረችው በእነዚህ የተውሶ ፊልሞች ውስጥ ነው።

ከሩቅ ልጀምር፤ በ1953 ከወጣው የሉዊስ ጋርሲያ ቤርላንጋ “እንኳን ደህና መጡ ሚስተር ማርሻል” (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አምባገነኑ ጄኔራል ፍራንኮ ሥልጣን ላይ ነው። አሜሪካ በማርሻል ዕቅድ ለምዕራብ አውሮፓ ገንዘብ ስታድል ስፔንን ዘላታለች። ፊልሙ ውስጥ ቪያር ዴል ሪዮ የምትባል ድሃ የካስቲያ መንደር “አሜሪካኖች ሊመጡ ነው” የሚል ወሬ ይደርሳትና ሽር ጉድ ይጀመራል። እንግዶቹ ስፔን ሲባል የሚያውቁት አንዳሉሲያን ነው ተብሎ መንደርተኛው በሙሉ የአንዳሉሲያ ልብስ ይለብሳል፤ በየቤቱ ፊት የውሸት ግድግዳ ይቆማል።

ዋናው ነገር የሚመጣው እንግዶቹ ሊደርሱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው ነው። የመንደሩ ሰዎች ሕልም ያያሉ። ከንቲባው ሸሪፍ ሆኖ ሳሉን ውስጥ ይደባደባል፤ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ድምፁ እንግሊዝኛ፣ ትርጉሙ ግን ባዶ ነው። ቄሱ በሕማማት ሰልፍ ላይ ቆብ ያጠለቁት ሰዎች ወደ ኩ ክሉክስ ክላን ተለውጠው ችሎት ፊት ሲያቆሙት ያያል፤ ጥላው፣ የካሜራው ማዘንበል፣ ሁሉም የጨለማ የወንጀል ፊልም ነው። ያጣው የነጣው ባላባት እንደ ቅድመ አያቶቹ በመርከብ አዲስ ዓለም ይደርስና የአገሬው ሰዎች ይማርኩታል። ለገበሬው ደግሞ ከአውሮፕላን ላይ ትራክተር በጃንጥላ ይወርድለታል።

አራት ሰው፣ አራት ዓይነት ፊልም። ይህ መንደር የሚመኘውንም የሚፈራውንም የሚያልመው በውጭ ሲኒማ ነው። ቤርላንጋ ይህን ያደረገው ለማሳቅ ብቻ አይመስለኝም። የገበሬውን ችግር ፊት ለፊት ቢያሳይ ሳንሱር ይቆርጥበታል፤ ከሰማይ የሚወርድ ትራክተርን ግን ማን ይቆርጣል? ትራክተሩን ያየ ተመልካች ሁሉ ያ ሰው እስከዚያ ቀን መሬቱን በምን ሲያርስ እንደኖረ ይገባዋል።

ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ፤ በተለይ የማትስማሙትን።

ጉለሌ_ልጅ

ደስ የሚል ክር ነው ወንድሜ። እስቲ የካውቦዩን ነገር አብራሩልን። ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ክሊንት ኢስትዉድን ሳያይ አላደገም፤ “አክተሩ አይሞትም” ብለን የተወራረድነው በእሱ ነው። ፊልሞቹ የጣልያን ናቸው ሲባል እሰማለሁ፤ ስፔን ከየት ገባች?

ዘ_ማድሪድ

ይቺን እኔ ልመልስ፤ እዚህ ስኖር ቦታዎቹን ዞሬ አይቻቸዋለሁ። የፊልሞቹ ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ ጣልያናዊ ነው፤ የመጀመሪያው ፊልም (“ለአንድ እፍኝ ዶላር”) ገንዘብ ከጣልያን፣ ከስፔንና ከምዕራብ ጀርመን የተሰበሰበ ነው፤ መሬቱ ግን ስፔን ነው። በ1964 የወጣው ያ ፊልም ከማድሪድ ወጣ ባሉ ቦታዎችና በደቡብ በአልሜሪያ ነው የተቀረጸው። ታሪኩ ደግሞ አኪራ ኩሮሳዋ በ1961 ከሠራው የሳሙራይ ፊልም የተወሰደ ነው፤ ጃፓኖቹ ጠይቀው ድርሻቸውን አግኝተዋል። እንግዲህ ቁጠሩት፦ የጃፓን ታሪክ፣ የጣልያን ዳይሬክተር፣ የአሜሪካ ተዋናይ፣ የስፔን አቧራ።

ታቤርናስ ብዙ ጊዜ “የአውሮፓ ብቸኛው በረሃ” ይባላል። ስትደርሱ መጀመሪያ የሚይዛችሁ ቀለሙ ነው፤ አመድማ ቢጫ የሆነ፣ ጎርፍ የቦረቦረው ገደላገደል፣ ከሥሩ ውሃ የሌለበት ሰፊ የወንዝ መውረጃ። ለሁለተኛው የሊዮኔ ፊልም የተሠራችው ከተማ እስከ ዛሬ ቆማለች፤ ሚኒ ሆሊዉድ ይሏታል። ባንኩ አለ፣ ሳሉኑ አለ፣ የስቅላት መስቀያውም አለ። ለጎብኚ ትርኢት ያሳያሉ፤ ሽጉጥ ይንጣጣል፣ አንዱ ከጣሪያ ይወድቃል፣ ሕፃናት ያጨበጭባሉ። እንደነዚህ ስላሉት የወደቁና የተነሡ ሰዎች አሌክስ ዴ ላ ኢግሌሲያ በ2002 “800 ጥይቶች” የሚል ፊልም ሠርቷል፤ አደገኛ ትዕይንቶችን ይሠሩ የነበሩ ያረጁ ተዋንያን የካውቦይ ፊልም ዘመን ካለፈ በኋላ እዚያው በረሃ ውስጥ ሲኖሩ የሚያሳይ ነው። እኔ ከሊዮኔ ይልቅ ይህኛው ያስለቅሰኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ ሜክሲኳዊ ሆነው ከሚታዩት አጃቢዎች ብዙዎቹ የአልሜሪያ ሂታኖዎች፣ ማለትም የስፔን ሮማዎች ናቸው። በአገራቸው ፊልም ራሳቸውን ሆነው ለመታየት ዕድል የጠበባቸው ሰዎች፣ ባዕድ ሆነው ዓለም አያቸው።

ነጭ_ጋቢ

የማልስማማው እኔ ነኝ። ፀሐይ_ግባት የፖለቲካ ምሥጢር የምታይበት ቦታ ላይ እኔ የማየው የገንዘብ ሒሳብ ነው።

ሳሙኤል ብሮንስተን የሚባል ፕሮዲዩሰር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከማድሪድ ወጣ ብሎ ላስ ማታስ ላይ ሰፈረና “ኤል ሲድ”ን (1961)፣ “55 ቀናት በፔኪንግ”ን (1963)፣ “የሮማ ግዛት ውድቀት”ን (1964) ሠራ። የፔኪንግ ቅጥርም የሮማ አደባባይም ሜዳ ላይ ተገነባለት። “የዓረቢያው ሎረንስ” ውስጥ የምናያት ዓቃባ የአልሜሪያ ባሕር ዳርቻ ናት፤ “ዶክተር ዢቫጎ” ውስጥ ያለችው ሞስኮ የማድሪድ ዳር ሠፈር ናት። የፍራንኮ መንግሥት በሩን የከፈተው የውጭ ምንዛሪና መልካም ስም ፈልጎ ነው። ሠራተኛው ርካሽ፣ ፀሐይዋ ነፃ፣ ወታደሩ በትእዛዝ የሚሰለፍ። ብሮንስተን በ1964 ሲከስር ሠራተኛው ተበተነ።

ይህ መሬትና ጉልበት ማከራየት ነው እንጂ ሲኒማ አይደለም። ስፔን በነዚህ ፊልሞች ውስጥ የሌላውን አገር ሆና ታየች፤ ስለ ራሷ የተናገረችው የት ላይ ነው?

ፀሐይ_ግባት

ለነጭ_ጋቢ፦ ብሮንስተን ላይ ከአንተ ጋር ነኝ፤ እሱ ኪራይ ነው። ግን ሊዮኔ ከመምጣቱ በፊት ስፔኖች የራሳቸው ካውቦይ ነበራቸው። ሆአኪን ሮሜሮ ማርቼንት በ1955 “ኤል ኮዮቴ”ን የሠራው ሆሴ ማዮርኪ ከጻፋቸው ተወዳጅ የኪስ ልብ ወለዶች ተነሥቶ ነው። ያን ጊዜ በየጋዜጣ መሸጫው በርካሽ የሚሸጡ የካውቦይ ልብ ወለዶች ሞልተዋል። ከጸሐፊዎቹ ዋነኛው ማርሲያል ላፉኤንቴ ኤስቴፋኒያ ፍራንኮ ባሸነፈበት በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት (1936–1939) ከተሸናፊው ከሪፐብሊኩ ወገን ተሰልፎ የታሰረ ሰው ነው፤ ከ2,000 በላይ ልብ ወለድ ጽፏል። ፍራንሲስኮ ጎንዛሌዝ ሌዴስማ ደግሞ ለቁም ነገር የጻፈው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በሳንሱር ሲታገድበት “ሲልቨር ኬን” በሚል የእንግሊዝኛ ስም ቴክሳስና አሪዞና ውስጥ የሚተኩሱ ሰዎችን መጻፍ ጀመረ። ስሙን ደብቆ፣ አገሩን ደብቆ። ይህን የምታነበው በገንዘብ ሒሳብ ብቻ ነው?

ሌላም አለ። የሊዮኔን የ1966 ፊልም (“ጥሩው፣ መጥፎውና አስቀያሚው”) መጨረሻ አስታውሱ፤ ሦስቱ ሰዎች የሚፋጠጡበትን ክብ መቃብር። እሱን የገነቡት የስፔን ወታደሮች ናቸው፤ ቦታው በቡርጎስ ክፍለ ሀገር ነው፤ መቃብሮቹ 5,000 ገደማ ናቸው። ድልድዩ የሚፈነዳበትን ትዕይንት እንኳ አንድ የስፔን መኮንን ካሜራ ሳይነሣ አፈነዳውና ጦሩ እንደገና ሠራው። ቡርጎስ ደግሞ ፍራንኮ በጦርነቱ ጊዜ መቀመጫው ያደረጋት ከተማ ናት። የስፔን ጦርነት ከተጀመረ ልክ 30 ዓመቱ ነው። የአገሪቱ የራሷ ሙታን ስም ሳይጻፍባቸው በየመንገዱ ዳር ተቀብረው ባሉበት ሰዓት፣ የፍራንኮ ወታደሮች ለአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሙታን መስቀል ይተክላሉ። ሊዮኔ ይህን አስቦት ይሁን አይሁን ለእኔ ለውጥ የለውም፤ እዚያ ሸለቆ ውስጥ የተተከለውን ስፔናዊ ዓይን ያየዋል። ከ2015 ጀምሮ የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች አፈርና ሣር የዋጠውን ክብ በአካፋና በዶማ ቆፍረው አውጥተውታል።

ቀረጻ_ክፍል

በሙያዬ ኤዲተር ነኝ፤ ስለዚህ ሳንሱር እንዴት እንደሚሠራ ከመቀሱ ጎን ላውራ።

ከ1941 ጀምሮ ወደ ስፔን የሚገባ የውጭ ፊልም በስፓኒሽ ድምፅ እንዲሞላ ትእዛዝ ወጣ። ድምፁን የያዘ ታሪኩን ይዟል። በጣም የታወቀው ምሳሌ የጆን ፎርድ “ሞጋምቦ” ነው፤ ባለትዳር ሴት ከሌላ ወንድ ጋር ፍቅር መያዟ ነውር ነው ተብሎ ባልና ሚስቱ በስፓኒሹ ድምፅ ወንድምና እህት ተደረጉ። ዝሙትን ሸሽተው የባሰ ነገር ውስጥ ገቡ፤ ተመልካቹ ወንድምና እህት የተባሉትን ሰዎች ሁኔታ እያየ ምን እንዳሰበ ገምቱ።

አስፈሪ ፊልሞች ላይ ደግሞ ሁለት ሁለት ቅጂ ይሠራ ነበር። አንድ ትዕይንት ሁለቴ ይቀረጻል፤ ተዋናይዋ ለብሳ ለስፔን፣ ሳትለብስ ለውጭ ገበያ። አንድ ፊልም ሁለት አካል አለው ማለት ነው። በኤዲተር ዓይን ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ የብርሃኑ አቅጣጫ፣ የእጅ አቀማመጥ፣ ከፊትና ከኋላው ያለው ሾት ከሁለቱም ጋር መግጠም አለበት።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የተኩላው ሰው ነው። ፖል ናስቺ፣ በመዝገብ ስሙ ሃሲንቶ ሞሊና፣ ክብደት አንሺ የነበረ ማድሪዳዊ ነው። በ1968 “የተኩላው ሰው ምልክት”ን ራሱ ጻፈ፣ ራሱ ተኩላውን ሆነ። ሳንሱር ግን “ስፔናዊ ሰው ተኩላ ሊሆን አይችልም” አለው። ስለዚህ ባለታሪኩ ቫልዴማር ዳኒንስኪ የሚባል ፖላንዳዊ ሆነ። ናስቺ ያንን ፖላንዳዊ ለአሥርት ዓመታት ደጋግሞ ተጫውቶታል። በ1962 ዳይሬክተሩ ሄሱስ ፍራንኮ (ጄኔራሉ አይደለም) የሠራው “ጩኸት በሌሊት” ፈረንሳይ ውስጥ ነው የሚፈጸመው። ክፉ ነገር ስፔን ውስጥ አይፈጠርም፤ ሁልጊዜ ከድንበር ማዶ ነው።

ሀና_ባ

ቀረጻ_ክፍል ያልከው ልክ ነው፤ ግን ክፉውን ከድንበር ማዶ አምጥቶ ስፔን መንደር ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አለ። ቪክቶር ኤሪሴ፣ “የንብ ቀፎው መንፈስ”፣ 1973። ፍራንኮ ገና በሕይወት አለ።

ፊልሙ የሚጀምረው በ1940፣ ጦርነቱ ካበቃ በዓመቱ ገደማ፣ አንዲት የካስቲያ መንደር ውስጥ ነው። ፊልም የጫነ መኪና ይመጣል፤ ሕፃናት ይከቡታል። ሰዎች ከየቤታቸው ወንበራቸውን ተሸክመው ወደ አዳራሹ ይገባሉ። የሚታየው የ1931ዱ የሆሊዉድ “ፍራንከንስታይን” ነው። ትንሿ አና ጭራቁ ከሐይቁ ዳር ልጅቷን ሲያገኛት ታያለች። አፏ ይከፈታል፣ ወደ ፊት ታዘነብላለች። ያ ትወና አይደለም፤ አና ቶሬንት ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው የተቀረጸ ፊቷ ነው። ካሜራማኑ ሉዊስ ኩአድራዶ ዓይኑ እየጠፋ የነበረ ሰው መሆኑን ሳስብ ያ ሾት የባሰ ይከብደኛል።

ከዚያ አና እህቷን “ለምን ገደላት? እሱንስ ለምን ገደሉት?” ብላ ትጠይቃለች። እህቷ ፊልም ውስጥ ሁሉም ውሸት ነው ትላታለች፤ ግን መንፈስ ነው፣ ስትጠሪው ይመጣል ብላ ታክልበታለች። በኋላ አና ሜዳ ላይ ባለው ባዶ ቤት ውስጥ አንድ የቆሰለ ሽሽተኛ ታገኛለች። ከወዴት እንደሸሸ ማንም አይናገርም፤ በ1940 ስፔን ውስጥ መናገርም አያስፈልግም። ፖም ትሰጠዋለች፣ ያባቷን ካፖርት ታመጣለታለች። በሌሊት የተኩስ ብልጭታ እናያለን። በነጋታው ሬሳው የተዘረጋው ያ ፊልም በታየበት አዳራሽ ውስጥ፣ ከስክሪኑ ሥር ነው።

ኤሪሴ ስለ ተሸናፊዎቹ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይናገር ጭራቁን አስቀድሞ አሳይቶናል፤ ልጅቷ ማንን እንደምትፈራና ለማን እንደምታዝን እኛ ጨረስነው። ሳንሱር አሳልፎታል፤ በዚያው ዓመት በሳን ሴባስቲያን ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት ወርቃማውን ዛጎል አሸንፏል።

የዚህችው ልጅ ነገር አያበቃም። በ1996 አሌሃንድሮ አሜናባር “ቴሲስ” የሚለውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ሲሠራ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የሰጠው ለአና ቶሬንት ነው። አሁን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ በፊልም ላይ ስለሚታይ ጭካኔ የመመረቂያ ጽሑፍ ትሠራለች። መጀመሪያው ላይ ባቡር ቆሟል፤ አንድ ሰው ሐዲዱ ላይ ራሱን ጥሏል። “አትመልከቱ፣ በግድግዳው በኩል እለፉ” ይላሉ። እሷ ከሰልፉ ወጣ ብላ ለማየት ትጠጋለች። ያ ሁሉ የአሜሪካ ትሪለር መንገድ ነው፤ ግድያ፣ የተደበቀ ካሴት፣ ጨለማ መተላለፊያ። የሚያየው ፊት ግን በ1973 ጭራቁን ያየው ፊት ነው።

ጉለሌ_ልጅ

ሀና፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ ፊልሙን ዛሬ ማታ ነው የማየው። እንዲያው ስታስቡት የኛው ሰምና ወርቅ አይደለም? ካውቦዩና ጭራቁ ሰሙ፣ ስፔን ወርቁ።

ፀሐይ_ግባት

ለጉለሌ_ልጅ፦ ይቀራረባል፤ አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። እንደዚያ ካልን ሰሙን ልንጥለው ነው። ናስቺ ተኩላውን ከልቡ ነው የወደደው፤ ልጅ ሆኖ የሆሊዉዱን የተኩላ ሰው አይቶ እሱን ለመሆን የኖረ ሰው ነው። ለእሱ ተኩላው መሸፈኛ አልነበረም። ሮሜሮ ማርቼንትም ፈረስና አቧራ ወዶ ነው። የእነዚህ ፊልሞች ጉልበት ፍርሃቱም ተኩሱም የምር መሆኑ ነው።

ናርሲሶ ኢባኜዝ ሴራዶርን ውሰዱ። በ1970 ሲኒማ ቤት የገባው “ላ ሬሲደንሲያ” የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ይፈጸማል፤ ፈረንሳይ፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእንግሊዝኛ የተቀረጸ። የተቆለፈ በር፣ ግርፋት፣ “ለጥቅማችሁ ነው” የምትል ርእሰ መምህር። የስፔን ሕዝብ ተግተልትሎ አየው። ፍራንኮ ከሞተ በኋላ በ1976 ደግሞ “ልጅን ማን ሊገድል ይችላል?” መጣ። እርጉዝ የሆነች እንግሊዛዊት ከባሏ ጋር ለዕረፍት አንዲት የስፔን ደሴት ይደርሳሉ፤ አዋቂ ሰው የለም፤ ልጆቹ ፈጅተዋቸዋል። በጠራራ ፀሐይ፣ በነጫጭ ቤቶች መካከል፣ ጥላ በሌለበት የሚያስፈራ ፊልም ነው። የመግቢያው ምስሎች በጦርነትና በረሃብ ያለቁ ሕፃናት እውነተኛ ቀረጻዎች ናቸው። በቱሪስት ፖስተር ላይ የሚታየው ስፔን ውስጥ፣ አዋቂዎች ላደረጉት ልጆች ዋጋ ሲያስከፍሉ። እዚህ ሰሙን ከወርቁ እንዴት ትለያለህ?

ነጭ_ጋቢ

እሺ፣ ፍራንኮ እስከ ሞተበት እስከ 1975 ድረስ ያላችሁትን ልቀበል፤ ሳንሱር አለ፣ መሸሸጊያ ያስፈልጋል። የፊልም ሳንሱር በ1977 ቀረ። ታዲያ ከዚያ በኋላስ? የመንግሥት የፊልም ኃላፊ የነበረችው ፒላር ሚሮ በ1983 ያወጣችው ደንብ “ደረጃ ያለው” ለተባለ ፊልም ቅድሚያ ድጎማ ሰጠ፤ በርካሽ የሚሠራው አስፈሪና የወንጀል ፊልም ደረቀ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ሲመለስ ለዓለም ገበያ ተብሎ የተቆረጠ ሆኖ ነው የተመለሰው። አሜናባር በ2001 “ሌሎቹ”ን ከኒኮል ኪድማን ጋር በእንግሊዝኛ ሠራ፤ ታሪኩ በእንግሊዝ ሰርጥ ባለችው በጀርሲ ደሴት ነው። 8 ጎያ (የስፔን ዋነኛ የፊልም ሽልማት) አሸነፈ፤ አንድ የስፓኒሽ ቃል ሳይኖረው ምርጥ ፊልም የተባለ የመጀመሪያው ሆነ። የአሜናባር “ዓይንህን ክፈት” በአሜሪካ እንደገና ተሠራ፣ “ሬክ”ም እንዲሁ። በ2019 የወጣው “ጉድጓዱ” ደግሞ ምግብ የተጫነበት ጠረጴዛ ከፎቅ ፎቅ የሚወርድበት እስር ቤት ነው፤ የትም አገር ሊሆን ይችላል። ማንም የማይከለክለው ሰው ለምን ይደበቃል?

ዘ_ማድሪድ

(“ሬክ”ንና “ሌሎቹ”ን ያላያችሁ ይህን ዝለሉት፤ መጨረሻቸውን እነግራለሁ።)

ነጭ_ጋቢ፣ “ሬክ”ን በጥሩ ጊዜ አነሣኸው። ሀውሜ ባላጌሮና ፓኮ ፕላሳ በ2007 ባርሴሎና ውስጥ አንድ አፓርታማ ውስጥ አስገቡን፤ ጋዜጠኛዋ፣ ካሜራማኑ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ፣ ጎረቤቶቹ፤ በሩ ከውጭ ታሸገ። ሁሉም ተላላፊ በሽታ ነው ብሎ ያስባል። መጨረሻ ላይ የላይኛው ቤት ሲከፈት ግድግዳው በጋዜጣ ቁራጭ ተሸፍኗል፣ የተቀዳ የቄስ ድምፅ አለ፣ የተያዘች ልጅ አለች። በሽታው ከቤተ ክርስቲያን ጓዳ የወጣ ነው። አሜሪካኖች በ2008 ሾት በሾት እየተከተሉ ሲሠሩት ይህንን አወጡት፤ በምትኩ የእብድ ውሻ በሽታ ዓይነት ቫይረስ አደረጉት። ገበያው የትም አገር የሚሄድ ነገር ሲፈልግ መጀመሪያ ያስወጣው ስፔናዊውን ክፍል ነው። ስለዚህ ነበረበት ማለት ነው።

“ሌሎቹ”ም በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ፣ መጋረጃውን ዘግታ ልጆቿን በጸሎት መጽሐፍና በሲኦል ፍርሃት የምታሳድግ፣ የሠራችውን ላለማወቅ ቤቱን በቁልፍ የምትቆልፍ እናት ናት። ልጆቿን ራሷ ገድላለች፤ ሁሉም ሞተዋል፤ የቀረው አምኖ መቀበሉ ነው። ከ1975 በኋላ “ያለፈውን አናንሣ” የሚል ስምምነት በነበረበት አገር ያደገ ሰው ነው ይህን የጻፈው። እዚህ ማድሪድ ውስጥ ከአንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ጋር ስለ ጦርነቱ ለመነጋገር ስሞክር የሚወርደውን መጋረጃ አውቀዋለሁ።

“ጉድጓዱ” ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ እስረኛ አንድ ዕቃ ይዞ መግባት ይፈቀድለታል። ባለታሪኩ የያዘው ዶን ኪኾቴን ነው። የትም አገር ነው ያልከው ቤት ውስጥ የስፔን ትልቁ መጽሐፍ አልጋው ላይ አለ።

ቀረጻ_ክፍል

ወደኛ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ ማንም ሳያነሣው እንዳይቀር። ማድሪድ የተወለደው ሚጌል ሊያንሶ አዲስ አበባ ኖሮ በ2015 “ክራምብስ” የሚል የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም አወጣ፤ በአማርኛ። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው ዋናዎቹ። ዓለም ካበቃች በኋላ ነው፤ ሰማይ ላይ ዝገት የበላው የጠፈር መርከብ ተንጠልጥሏል፤ ሰዎች የድሮ የፕላስቲክ መጫወቻዎችን እንደ ቅርስ ይገበያያሉ፤ ዕቃ የሚገዛው ሽማግሌ የእያንዳንዱን ቁራጭ ፕላስቲክ “ታሪክ” እየተነተነ ዋጋ ይተምናል። ዳሎልን ፊልሙ ውስጥ ስታዩት ማስመሰያ ማሽን አያስፈልገውም። በ2019 የሠራው ሁለተኛው ረጅም ፊልምም ከዳንኤል ታደሰ ጋር ነው።

ነጭ_ጋቢ

እሱን አይቼዋለሁ፤ ክርክሬን ያጠናክርልኛል። ያኔ አልሜሪያ አሪዞናን ሆነች፤ አሁን ዳሎል የዓለም ፍጻሜን ሆነ። በረሃው ተቀየረ እንጂ ኪራዩ አልተቀየረም።

ቀረጻ_ክፍል

ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኔም አስቤበታለሁ። ልዩነቱ ግን አፍ ላይ ነው። የአልሜሪያ ሂታኖ በፊልሞቹ ውስጥ ሜክሲኳዊ ተብሎ በሌላ ሰው ድምፅ ተሞላ። ዳንኤል ታደሰ ግን በራሱ ድምፅ፣ በራሱ ቋንቋ፣ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተሸክሞት ይሄዳል። ሰላም ተስፋዬም አጃቢ አይደለችም። ኢትዮጵያዊ ዳይሬክተር ዳሎልን እንደዚህ ቢቀርጸው የበለጠ ደስ ይለኝ ነበር፤ ባለሙያ ሆኜ የምመኘው እሱን ነው። ግን ያ የእኛ የቤት ሥራ ነው፤ የሊያንሶ ጥፋት አይደለም።

ጉለሌ_ልጅ

ለማንኛውም አዲስ ለሚጀምር ሰው አንድ ፊልም ብቻ ምረጡ። አንድ።

ፀሐይ_ግባት

“ላ ኢስላ ሚኒማ”፣ አልቤርቶ ሮድሪጌዝ፣ 2014። 10 ጎያ አሸንፏል። ጊዜው 1980 ነው፤ ቦታው የጓዳልኪቪር ወንዝ ረግረግ። ሁለት መርማሪዎች የጠፉ እኅትማማቾችን ለመፈለግ ከማድሪድ ይላካሉ። አንደኛው በአዲሱ ዲሞክራሲ የሚያምን ወጣት፣ ሁለተኛው ከፍራንኮ የፖለቲካ ፖሊስ የመጣ። ከላይ የተቀረጹ የረግረጉ ምስሎች አሉ፤ ውሃው እንደ አንጎል እጥፋት ይጠማዘዛል። ሁለት ፖሊስ በአንድ መኪና፣ ይህ የአሜሪካ ፊልም የሰለቸው አቀማመጥ ነው። እዚህ ግን ከኋላው ወንበር ላይ 40 ዓመት ተቀምጧል። ገዳዩን የሚፈልገው ሰው ራሱ ምን ሠርቶ እንደነበር ወጣቱ ቀስ በቀስ ይሰማል፤ በጣም ጎበዝ መርማሪ መሆኑንም ያያል። ምርመራውን ወደፊት የሚያስኬደው የዚያ ሰው የድሮ ሙያ ነው፤ ሰው ማስለፍለፍ ያውቃል። ይህንን ሳልቆጣ አይቼው አላውቅም።

ነጭ_ጋቢ

እሱን ፊልም እኔም እወደዋለሁ። ግን አንድ ነገር መልስልኝ፤ እንዲህ ስፔናዊ ከሆነ ጀርመኖች በ2019 “ፍራየስ ላንድ” ብለው እንዴት እንደገና ሠሩት? ከስፔን ውጭ የማይኖር ነገር ወደ ጀርመን አይሻገርም።

ፀሐይ_ግባት

የተሻገረው ወደየትኛው ጀርመን እንደሆነ እይ እንጂ። ታሪኩን ያስቀመጡት በርሊን ወይም ሙኒክ አይደለም፤ ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ባለው የምሥራቅ ጀርመን ገጠር ነው፤ አንደኛው መርማሪ ከምዕራብ የመጣ፣ ሌላኛው በድሮው ሥርዓት ያገለገለና ያለፈ ሥራው የሚያጠራጥር። የፖለቲካ ፖሊስ የነበረበትና በአንድ ሌሊት ሁሉም ዲሞክራት የሆነበት አገር ፈልገው ነው ያስቀመጡት። “ሬክ”ን የወሰዱት አሜሪካኖች ቄሱን አስወጡ፤ ጀርመኖቹ ግን ያንን ሽማግሌ ፖሊስ አላስወጡትም፣ የራሳቸውን አስገቡበት። ሁለቱን በተከታታይ እያቸውና ሽማግሌው ላይ ያለህን አስተያየት ጻፍልን፤ የስፔኑ ሀቪየር ጉቴሬዝ በዚህ ሚና የምርጥ ተዋናይ ጎያ ወስዷል፤ እኔ የምፈልገው ያንተን ንጽጽር ነው።